የእናቴን ግፊት ያወረደው ጦስኙ ነው ወይስ ኪኒኑ?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳው ላይ በባልዲና በአሮጌ የቀለም ቆርቆሮ ጤና አዳም፣ ዳማከሴና ከጣርማበር አካባቢ ያመጣሁትን ጦስኝ ተክያለሁ። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ግፊት አለብሽ ተብላ ኢናላፕሪል መውሰድ ከጀመረች 5 ወር ሆናት። ከ2 ወር ወዲህ ደግሞ ጠዋትና ማታ ጦስኝ አፍልታ ትጠጣለች። ሰሞኑን ጤና ጣቢያ ስትለካ 130/80 ስለሆነላት ‹ጦስኙ ነው ያዳነኝ፣ ኪኒኑን ልተወው› እያለች ነው። ለማይለቃት ደረቅ ሳልም ጦስኙን በማር ትወስዳለች፤ ለሳሉ ግን እስካሁን አልረዳትም። እነዚህ ተክሎች በእውነት ይሠሩ እንደሆነ ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል? እንዴት? ነፍሰ ጡር እህቴም አብራን ናት፤ ቡናዋን ያለ ጤና አዳም አትጠጣም።»

መልስ፦ ከሳሉ ልጀምር። እርስዎ በጨረፍታ ያለፉት ነገር ለእኔ ከጥያቄው ሁሉ ጎልቶ ታየኝ። ኢናላፕሪልና የእሱ ወገን የሆኑ የግፊት መድኃኒቶች አንድ የታወቀ ጠባይ አላቸው፤ በአንዳንድ ሰው ላይ ጉሮሮ የሚከረክር፣ አክታ የሌለው፣ በሽሮፕም በሻይም የማይበርድ ሳል ያመጣሉ። መድኃኒቱ ግፊትን የሚያወርደው አንድን ኢንዛይም በማገድ ነው። ያ ኢንዛይም ብራዲካይኒን የሚባለውን ንጥረ ነገርም የሚያፈርስ ስለሆነ፣ ሲታገድ ንጥረ ነገሩ በመተንፈሻ አካል ላይ ተከማችቶ ሳል ይቀሰቅሳል። ይህ ኪኒኑ በተጀመረ በቀናት ውስጥ ሊመጣ ይችላል፣ ወራት ቆይቶም ሊመጣ ይችላል። የእናትዎ ሳል ከዚህ ከሆነ፣ ጦስኝ በማር ለወራት ቢጠጡም ላያቆሙት ይችላሉ፤ መንስኤው በየቀኑ አብሮ እየተዋጠ ነውና። ሐኪሙ ሳሉን ከሰማ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱን እንደ ሎሳርታን ባለ ሌላ ዓይነት ይቀይረዋል፣ ሳሉም በሳምንታት ውስጥ ይለቃል። በዚያ ላይ በአገራችን ከ2 ሳምንት ያለፈ ሳል የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይታዘዝለታል፤ ይህንንም መዝለል አይገባም። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ ግን ከዚሁ መድኃኒት የሚመጣ አደገኛ ነገር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለባቸው።

ይህን ያስቀደምሁት ለሳሉ ብቻ ብዬ አይደለም። ቅጠልን መፈተን ያለው ችግር ሁሉ እዚህች ሳል ውስጥ አለ። ሳሉ አልተሻለም ብለን ጦስኙን ልንኮንን ነው፣ ግፊቱ ወረደ ብለን ደግሞ ልናመሰግነው ነው፤ በሁለቱም ቦታ ኪኒኑ አጠገቡ ቆሟል።

አሁን ወደ ግፊቱ። ኢናላፕሪል በሳምንታት ውስጥ ሙሉ ሥራውን ያሳያል፤ እናትዎ 5 ወር ወስደውታል። ስለዚህ 130/80 ያየነው ኪኒኑ ሲሠራ ሊሆን ይችላል። ኪኒኑና ጦስኙ ተጋግዘውም ሊሆን ይችላል። ወይም ያን ዕለት ጠዋት ተረጋግተው ስለተለኩ ብቻ ሊሆን ይችላል። አንድ ልኬት ከእነዚህ ውስጥ አንዱንም አይለይም። «እንግዲያው ኪኒኑን አቁመን ጦስኙን ብቻውን እንየው» የሚል ሐሳብ ቤትዎ ውስጥ ካለ፣ እባክዎ እዚያው ይቅር። ግፊት ሲወጣ አያምም፤ ብዙ ሰው መውጣቱን የሚያውቀው አንድ ጎኑ ሲሰንፍ ነው። በቤትዎ ሊፈተን የሚችለው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ኪኒኑ በሰዓቱና በመጠኑ እንደተዋጠ ሆኖ፣ ጦስኙ ከዚያ በላይ የሚጨምረው ነገር አለ? ይህን መመለስ ይቻላል። ለሐኪማቸው ነግረው ይጀምሩ። ጦስኝ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ሽንት የማብዛት ጠባይ ስላሳየ፣ ከኢናላፕሪል ጋር ሲደመር ግፊቱን ከሚፈለገው በታች ሊያወርደው ይችላል። ኢናላፕሪል ደግሞ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ከፍ የማድረግ ልማድ አለው፤ የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ ካላደረጉ ይህ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ሙከራ ሲባል ሰው ነጭ ጋወንና ማሽን ይታየዋል። እኔ ለተማሪዎች ሁልጊዜ የምነግራቸው የእንዶድን ታሪክ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ የሆኑትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው አዩ። አይተው «እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል» ብለው አልጻፉም። ከአጣቢዎቹ አንዷን አረፋውን በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ካሉበት ዕቃ ውስጥ እንድታፈስ ጠየቋት፤ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ላቦራቶሪ የተወሰደው። አንድ ዕቃና አንድ ጭልፋ አረፋ ናቸው፤ ግን አንድ ነገር ብቻ ተቀይሮ ውጤቱ ታየ። በዚሁ ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ለእርስዎ በረንዳ ግን የሚጠቅመው የታሪኩ ሌላኛው ክፍል ነው፤ ተመራማሪዎቹ እንዶድ ሁሉ እኩል እንዳልሆነ አግኝተው ከየቦታው ከሰበሰቧቸው ዓይነቶች መካከል ኃይለኛውን መረጡ፤ እሱም 44 ቁጥር የተሰጠው ነበር። ስሙ አንድ የሆነ ተክል በውስጡ የያዘው መጠን አንድ አይደለም።

ጦስኝም እንደዚሁ ነው። የእኛ ጦስኝ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ የማይበቅል የደጋ ተክል ነው። ሽታውን የሚሰጡት ዋናዎቹ ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ዘይቶች ሲሆኑ፣ የአንዱ አካባቢ ጦስኝ በአንዱ፣ የሌላው አካባቢ ደግሞ በሌላው ያይላል። ስለዚህ ዛሬ ከመርካቶ፣ ነገ ከጣርማበር፣ ከነገ ወዲያ ከበረንዳ እየተቆረጠ የሚጠጣ ጦስኝ አይፈተንም። በረንዳዎ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ካሉዎት እጽዋት ጤናማውን አንዱን ይምረጡና ሌሎቹን ማሰሮዎች ሁሉ ከእሱ በተቆረጠ ቅርንጫፍ ይሙሉ። ከዘር ከበቀለ ልጆቹ ይለያያሉ፤ ከቅርንጫፍ ከበቀለ ግን ሁሉም ያው አንዱ ተክል ነው። ያላበበና ያልደረቀ ጫፍ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው፣ የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፈው፣ እርጥብ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ይትከሉት፤ ሥር እስኪይዝ ጥላ ውስጥ ያቆዩት። ሥር ከያዘ በኋላ ሙሉ ፀሐይ ይስጡት። ጦስኝ ድንጋያማ ተረተር የለመደ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በብርድ አይሞትም፣ የሚገድለው የረጋ ውኃ ነው። ማሰሮው ሥሩ ቀዳዳ ይኑረው፣ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ይጠጣ። ዳማከሴ በተቃራኒው ውኃ ይወዳል፤ ሁለቱን በአንድ ባልዲ ከተከሉ አንዱ ይጠወልጋል፣ አንዱ ይበሰብሳል።

የቀለም ቆርቆሮዎቹን ይጣሏቸው። አሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል፤ እርሳስ ግፊትን ከሚያወጡ ነገሮች አንዱ ነው። ግፊት ለማውረድ የተተከለ ጦስኝ ከዚያ ውስጥ ባይበቅል ይመረጣል። አፈሩንም ከመንገድ ዳር አያምጡ። ፍግ ከተጠቀሙ በደንብ የበሰበሰ ይሁን፤ የተባይ መርጨት ፈጽሞ አይነካው።

ሲቆርጡ ማበብ ሲጀምር፣ ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ ይቁረጡ። ፀሐይ ላይ አያስጡት፤ የምንፈልገው ዘይት የሚተን ስለሆነ ሽታው ሰፈሩን ሲያውድ መድኃኒቱ እየሄደ ነው ማለት ነው። ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ላይ ሳሳ አድርገው አስጥተው፣ ግንዱ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ሲሰበር በጠርሙስ ከድነው ጨለማ ቦታ ያስቀምጡ። ከታች ለማስረዳው የ9 ሳምንት ሙከራ የሚበቃ ያህል በአንድ ጊዜ ደርቆ፣ ተደባልቆ፣ በአንድ ጠርሙስ ይግባ። ከዚያ «አንድ ጭብጥ» የሚባል ነገር ይቅር። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይግዙና 2 ግራም የደረቀ ጦስኝ በአንድ ብርጭቆ የፈላ ውኃ ላይ፣ ክዳን ተደርጎበት 10 ደቂቃ፣ ከዚያ ተጠልሎ ይጠጣ። ጀበና ሙሉ ለግማሽ ሰዓት ቢያንተከትኩት ግን ሌላ መጠጥ ይሆናል። አዘገጃጀት ቀላል ነገር አይምሰልዎ፤ ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ የወባውን አርቴሚሲኒን ያገኘችው ሙቀቱ መድኃኒቱን እንደሚያጠፋው ጠርጥራ፣ ቅጠሉን ማፍላቱን ትታ በዝቅተኛ ሙቀት ኤተር በሚባል ፈሳሽ ካወጣችው በኋላ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ለኖቤል ሽልማት ያበቃት ይኸው ሥራ ነው። (አርቴሚሲያ ተክላችሁ ለወባ ሻይዋን የምትጠጡ ካላችሁ ተዉት፤ በሻይ የሚገኘው መጠን የማይበቃና የሚዋዥቅ ስለሆነ የዓለም ጤና ድርጅትም አይደግፈውም።)

ስለ ጤና አዳም አጭርና ግልጽ መልስ ልስጥ። እህትዎ ልጃቸውን እስኪገላገሉ ከቡናም ከሻይም ያውጡት። ማኅፀንን በማነቃቃት የታወቀ ተክል ነው፤ በጭማቂ መልክ ብዙ ተወስዶ ከባድ መመረዝ ያስከተለበት ጊዜ አለ። በስኒ ላይ የምትንሳፈፍ አንዲት ቅርንጫፍና አንድ ብርጭቆ ጭማቂ እኩል ናቸው አልልም፤ ግን ለቡና ማጣፈጫ ሲባል በእርግዝና የሚሞከር ነገር አይደለም። ልጁ ከተወለደ በኋላም «ለሆዱ ቁርጠት» ተብሎ ለአራስ ሕፃን አይጨመቅለት። በራሴ ላይ የደረሰውንም ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ እጅጌዬን ሰብስቤ የጤና አዳም ቁጥቋጦ ስከረክም ዋልሁ። በሁለተኛው ቀን ክንዴ ላይ እንደ ፈላ ውኃ ቃጠሎ ያለ ውኃ የቋጠረ ነገር ተሰልፎ ወጣ፤ እኔም የመድኃኒት ባለሙያው ሸረሪት ሸናብኝ ብዬ ሰነበትሁ። ምክንያቱ ቅጠሉ ውስጥ ያሉት ፉራኖኩማሪኖች ቆዳ ላይ አርፈው ፀሐይ ሲመታቸው የሚያቃጥሉ መሆናቸው ነው። ሲቆርጡት ጓንት ያድርጉ፣ ወይም ማታ ይቁረጡ።

ወደ ልኬቱ እንምጣ፤ ሙከራዎ የሚወድቀውም የሚቆመውም እዚህ ነው። በክንድ ላይ የሚታሰር፣ ልኬቱን ራሱ የሚመዘግብ ማሽን ያስፈልጋል፤ የእጅ አንጓው ዓይነት ይቅር። ማሽኑ ይመዝግብ የምለው እናትዎን ተጠራጥሬ አይደለም። ጦስኙን የሚወድ ሰው 148 ሲያይ «ደረጃ ወጥቼ ነው» ብሎ ደግሞ ይለካል፣ 134 ሲያይ ይጽፈዋል። ሁላችንም እንዲህ ነን። ጠዋት ኪኒን ሳይዋጥ፣ ማታ ከራት በፊት፣ ሽንት ቤት ደርሰው፣ ቡና ከጠጡ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አልፎ ይለኩ። ጀርባቸው ተደግፎ፣ እግራቸው ሳይጠላለፍ መሬት ረግጦ፣ ክንዳቸው ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል ሆኖ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ዝም ብለው ማለቴ ነው፤ ስለ ጎረቤት እያወሩ የተለካ ግፊት የወሬው ግፊት ነው። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ለክተው ሁለቱንም ይያዙ። ቤት ውስጥ የተለካ አማካይ 135/85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍ ያለ ይባላል። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ከመቀመጫቸው ተነሥተው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ቆመው ይለኩ፤ የላይኛው ቁጥር በ20 ከወረደ ወይም ካዞራቸው ጦስኙ በዚያው ይቁምና ሐኪም ይስማ።

አካሄዱ እንዲህ ይሁን። አንድ ሳምንት ያለ ጦስኝ ተለኩ። ከዚያ ሁለት ሳምንት በጦስኝ፣ ሁለት ሳምንት በባዶ ሙቅ ውኃ፤ እንደገና ሁለትና ሁለት። በየጥንዱ የቱ ይቅደም የሚለውን ሳንቲም ጥለው ይወስኑ፤ «ዛሬ ደህና ነኝ፣ ዛሬ ልጀምር» ማለት ራሱ ውጤት ያጣምማል። ከየሁለት ሳምንቱ የመጀመሪያውን ሳምንት ልኬት ይተዉት፣ የፊተኛው ተጽዕኖ እስኪጠፋ ነው፤ የሁለተኛውን 7 ቀን አማካይ ይውሰዱ። ሙቅ ውኃው ለምን አስፈለገ ቢሉ፣ ብዙ ቤት ጦስኝ የሚጠጣው በቡና ፋንታ ነው። ያኔ የተለወጠው ጦስኝ መግባቱ ይሁን ቡና መቅረቱ አይታወቅም። ቡናው በሁለቱም ወቅት እኩል ይሁን፣ ጨውም እንዲሁ። ጦስኙ ገና ሲሸት ስለሚታወቅ እናትዎን ደብቆ ማጠጣት አይቻልም፤ ለዚህ ነው ቢያንስ ቁጥሩን ማሽን ይያዘው ያልሁት።

ጾምን አይርሱ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ቅቤና ሥጋ ይቀራል፣ አንዳንዱ እስከ 9 ሰዓት ምግብ አይቀምስም፣ የኪኒን ሰዓትም ይዛነፋል። ጦስኙ በጾም፣ ባዶ ውኃው በፍስክ ከዋለ የምትለኩት ጾሙን ነው። ለኦርቶዶክስ ቤት ጾም የማይነካው 9 ሳምንት መፈለግ ቀላል ስላልሆነ፣ አንዱ ጥንድ ሙሉ በሙሉ በጾም፣ ሌላው ሙሉ በሙሉ በፍስክ ይዋል። እንዲያውም እንዲህ ሲሆን ሙከራው ይጠነክራል።

ውጤቱ ምን ይመስላል? ለምሳሌ በመጀመሪያው ጥንድ በጦስኝ 134፣ በውኃ 137 ወጣ እንበል። ሰው እዚህ ላይ እልል ይላል። በሁለተኛው ጥንድ በጦስኝ 138፣ በውኃ 136 ከወጣ ግን ጦስኙ ምንም አልጨመረም፤ የአንድ ሰው ግፊት በራሱ በቀንና በቀን መካከል ከዚያ በላይ ይወዛወዛል። በሁለቱም ጥንድ በአንድ አቅጣጫ 6 ወይም 7 ያህል ከወረደ ግን ለሐኪም የሚነገር ነገር አገኛችሁ። ያም ቢሆን ስለ እናትዎ፣ ስለዚያች ጠርሙስና ስለዚያ መጠን የተገኘ መልስ ነው። ለጎረቤት «ጦስኝ ግፊት ያድናል» ተብሎ አይተላለፍም።

ዳማከሴን በዚህ መንገድ መፈተን ለምን እንደሚያስቸግርም ልበልዎ። ምች መታኝ ብሎ ዳማከሴ ያሸ ሰው በሦስተኛ ቀኑ ይሻለዋል። ጉንፋን ግን ምንም ባይደረግለት በሳምንት ወይም በ10 ቀን ያልፋል፤ ሰው ደግሞ መድኃኒት የሚፈልገው ሕመሙ ጫፍ ሲደርስ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው። በዚያች ሰዓት የተወሰደ ሁሉ፣ ዳማከሴም ሆነ የዶሮ ሾርባ፣ ምስጋናውን ይሰበስባል። ዳማከሴ ባዶ ነው እያልሁ አይደለም፤ በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት ቅጠሉ ትኩሳት ማውረዱ ታይቷል። ግን አንድ ቤተሰብ በዓመት በሚይዘው ሁለትና ሦስት ጉንፋን ይህን መለየት አይችልም። ይሽተቱት፣ ሻይ ላይ ጣል ያድርጉት፤ ትኩሳቱ ከ3 ቀን ካለፈ ወይም ወባ ካለበት አገር ሰንብተው ከመጡ ምች ነው ብለው አይቀመጡ። ስኳር፣ የጉበት በሽታ፣ ካንሰር፣ የሕፃናት ሕመምና እርግዝና ደግሞ በደብተርና በሚዛን የሚፈተኑ አይደሉም።

ልኬቱ በማንኛውም ቀን 180/120 ደርሶ ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲደገምም ካልወረደ ሙከራው አብቅቷል፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ እጥረት፣ የአነጋገር መኮላተፍ ወይም የዓይን መጋረድ ካለበት ድንገተኛ ክፍል ነው። ተክሉ በትክክል ጦስኝ መሆኑን የሚጠራጠሩ ከሆነ፣ ያበበ ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል ተጭኖ ደርቆ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ናሙና የሚቀመጥበት ክፍል) ሊለይልዎ ይችላል።

ሙከራውን ለመጀመር የሚቀጥለውን የጦስኝ አበባ መጠበቅ ይችላሉ፣ ማሰሮውንም እስከዚያ ይቀይራሉ። ለሳሉ ግን አይጠብቁ። በዚህ ሳምንት እናትዎን ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸውና ኪኒናቸውን ከነማሸጊያው አሳይተው፣ ሳሉ ኪኒኑ በተጀመረ በስንተኛው ሳምንት እንደመጣ ይንገሩልኝ።